ሰው ለሌለው ሕመምተኛ ሰው መሆን



በቋንቋችን የታመመ ሰው ዘንድ መሄድን "መጠየቅ" እንለዋለን። "እገሌ ሆስፒታል ተኝቷል፤ ጠየቃችሁት?" እንባባላለን። ይኸው ቃል ጥያቄ ማቅረብ ማለትም ነው። ሁለቱ ትርጉሞች በአንድ ቃል ውስጥ አብረው ቢኖሩም በኑሯችን ግን ብዙ ጊዜ ይለያያሉ። ብርቱካንና ሙዝ በፌስታል ተይዞ፣ የመጠየቂያ ሰዓት ተጠብቆ ይገባል፤ አልጋው ተከቦ ይጸለያል፤ "ጌታ ይፈውስህ" ተብሎ ይወጣል። ይህ መልካም ነው፤ ማንም እንዳይተወው። ነገር ግን "ምሳ በላህ ወይ? የታዘዘልህ መድኃኒት ተገዛ ወይ? ቤትህን ማን እየጠበቀልህ ነው?" ብሎ የሚጠይቅ ጠያቂ ጥቂት ነው።

ዛሬ ልናነሣ የወደድነው በሆስፒታል ውስጥ በበጎ ፈቃድ ስለማገልገል ነው። ምን ዓይነት ሥራ እንዳለ፣ እንዴት ተጠይቆ እንደሚገባ፣ ከገቡ በኋላም እንዴት መመላለስ እንደሚገባ በአጥቢያችን ለዓመታት ከሠራነው እናካፍላችኋለን።

ቃሉ ምን ይላል?

በማቴዎስ 25 ላይ ጌታ ራሱን በታመመው ሰው ቦታ እንዳስቀመጠ ሁላችንም እናውቃለን። በቁጥር 36 ላይ መጠየቅ ተብሎ የተተረጎመው የግሪክ ቃል "ኤፒስኬፕቶማይ" ነው። አይቶ ማለፍን ሳይሆን ቀርቦ መመልከትን፣ ጉድለቱን አይቶ መንከባከብን ያመለክታል። ያዕቆብ በ1፥27 ወላጆቻቸው ስለ ሞቱባቸው ልጆችና ስለ መበለቶች ሲጽፍ የተጠቀመው ይህንኑ ቃል ነው። ኤጲስ ቆጶስ የሚለው የአገልግሎት ስምም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው። እንግዲህ የታመመን መጠየቅ የመጋቢ ሥራ ቁራጭ ነው፤ ጌታም ይህን ሥራ ለመጋቢዎች ብቻ አልሰጠም።

ወደ ዮሐንስ 5 እንሂድ። በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ 38 ዓመት የታመመ ሰው ተኝቷል። ጌታ በመጀመሪያ ያደረገው ነገር መጠየቅ ነው፤ መዳን ይፈልግ እንደ ሆነ ጠየቀው። ሰውየው የመለሰው ስለ በሽታው አልነበረም። ውኃው በተናወጠ ጊዜ ወደ መጠመቂያው የሚያኖረው ሰው እንደሌለው ነው የተናገረው። እርሱ እየተጎተተ ሳለ ሌላው ይቀድመዋል። ሰው የማጣት ሕመም በሕመሙ ላይ ተጨምሮበት ነበር። በማርቆስ 10 ላይም በርጤሜዎስ ዕውር መሆኑ ለሁሉ የሚታይ ሆኖ ሳለ፣ ጌታ ምን እንዲያደርግለት እንደሚወድ ጠየቀው። ሁሉን የሚያውቅ ጌታ ከጠየቀ፣ የማናውቀው እኛማ ምን ያህል ልንጠይቅ ይገባን ይሆን?

የዛሬዋ ቤተ ሳይዳ

ትልልቅ ሆስፒታሎቻችንን የሚያውቅ ሰው ቤተ ሳይዳን ለማሰብ አይቸገርም። ጥቁር አንበሳን ብንወስድ፣ በአገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጥበት ብቸኛ ቦታ ሆኖ ብዙ ዓመታት ቆይቷል። ስለዚህ ከየክልሉ ሰው ይመጣል፤ ተራ ይጠብቃል፤ ተራው እስኪደርስም የሚያድርበት ይቸግረዋል።

አልጋ ያገኘውም ቢሆን ያለ አስታማሚ ብዙ ይጎድልበታል። በአገራችን ሆስፒታል አስታማሚ ማለት ግማሽ ሆስፒታል ነው። ካርድ የሚያወጣው፣ ናሙና ይዞ ላቦራቶሪ የሚሄደው፣ በግቢው መድኃኒት ቤት የታጣውን መድኃኒት ከውጭ ፈልጎ የሚያመጣው፣ የሚያጎርሰው፣ የሚያጥበው፣ ሽንት ቤት ደግፎ የሚወስደው አስታማሚው ነው። ነርሶቹ የብዙ አልጋ ኃላፊነት ስላለባቸው ለሁሉ መድረስ አይችሉም። እንግዲህ አስታማሚ የሌለው ሰው ሐኪም አይቶት፣ መድኃኒት ታዞለት፣ ወረቀቱ ትራሱ ሥር ሊያድር ይችላል። ከእርሱ በኋላ የመጣው፣ ሰው ያለው፣ ይቀድመዋል።

አንድ ነገር እናንሣ። ቡድናችን በሚያገለግልበት ሆስፒታል ከገጠር የመጡ አንድ አባት ለቀናት ምግብ አልቀምስ ብለው ነበር። በክፍሉ ያለው ሁሉ ሕመሙ ያመጣው መስሎት ነበር። ከእኛ መካከል ኦሮምኛ የምትናገር እህት አጠገባቸው ተቀምጣ በቋንቋቸው "አባቴ፣ ለምን አይበሉም?" አለቻቸው። ምግቡ የሚከፈልበት መስሏቸው ኖሯል። ኪሳቸው ያለችውን ገንዘብ ለመመለሻ ትራንስፖርት ይዘዋል፤ ከበሉባት አገራቸው መግቢያ ያጣሉ። እንደማይከፈልበት በነገረቻቸው ጊዜ በሉ። ሲሻላቸውና ሲወጡ ወንድሞች መናኸሪያ ድረስ ሸኟቸው። እርሳቸው ሙስሊም ናቸው፤ እጃቸውን ዘርግተው በራሳቸው አመራረቅ መርቀውን ሄዱ። ያ ሁሉ የሆነው በአንድ ጥያቄ ነው።

ምን ልናገለግል እንችላለን?

"እኛ ሐኪም አይደለንም፤ ምን እንሠራለን?" የሚሉ ብዙ ናቸው። የሕክምና ሙያና ፈቃድ ያላችሁ ወገኖች በሙያችሁ ብታገለግሉ ትልቅ በረከት ነው። ሙያው ለሌለን ግን የሚከተሉት በሮች አሉ።

አንደኛ፣ አስታማሚ ለሌለው አስታማሚ መሆን ነው። ማጉረስ፣ ልብስ ማጠብ፣ ወረቀት ይዞ መሮጥ፣ ማታ አጠገቡ መቀመጥ። ከማጉረሳችሁ በፊት ግን ነርሷን ጠይቁ። ለቀዶ ሕክምና ባዶ ሆዱን እንዲቆይ የታዘዘ ሰው ሊሆን ይችላል፤ በፍቅር የሰጠነው አንድ ጉርሻ ተራውን ሊያሳልፈው፣ ሲብስም ሕይወቱን አደጋ ላይ ሊጥለው ይችላል።

ሁለተኛ፣ መንገድ ማሳየት ነው። ከገጠር የመጣ ሰው በር ላይ ቆሞ ካርድ ክፍሉ ወዴት፣ ራጅ ወዴት እንደሆነ አያውቅም፤ ማንበብም ላይችል ይችላል። ጠዋት በር ላይ ቆሞ ሰውን እየተቀበሉ ማድረስ፣ ተሽከርካሪ ወንበር መግፋት፣ ወረፋ መያዝ ቀላል ይመስላል፤ ለመጣው ሰው ግን የግማሽ ቀን እንግልት ያስቀርለታል።

ሦስተኛ፣ ቋንቋ ነው። በጉባኤዎቻችን ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ ትግርኛ፣ ሶማልኛ፣ ሐዲይኛ የሚናገር ሞልቷል። ይህ ጸጋ ከመዘምራን መድረክ አልፎ አልጋ አጠገብ ቢደርስ ምን ያህል ሰው በተጽናና!

አራተኛ፣ የሕፃናት ክፍል ነው። ለረጅም ጊዜ የሚታከሙ ልጆች ትምህርታቸውም ጨዋታቸውም ይቋረጣል። ፊደል ማስቆጠር፣ ሥዕል ማሳል፣ ተረት ማንበብ፣ እናትየው ገላዋን ታጥባ እስክትመለስ ልጁን መጠበቅ አገልግሎት ነው። የሰንበት ትምህርት አስተማሪዎቻችን ይህን ከማንም በላይ ያውቁበታል።

አምስተኛ፣ ደም መለገስ ነው። ዕድሜው ከ18 እስከ 65 የሆነ፣ ክብደቱ ከ45 ኪሎ የማያንስ ጤናማ ሰው በየ3 ወሩ ሊለግስ ይችላል። ከደም የሚለየው ፕሌትሌት የተባለው ክፍል የሚቆየው 5 ቀን ያህል ብቻ ነው፤ የደም ካንሰር ያለባቸው ልጆችም በብዛት የሚፈልጉት እርሱን ነው። ስለዚህ በዓመት አንድ ቀን በዘመቻ ከመለገስ ይልቅ የጉባኤው አባላት በየወሩ ተራ ገብተው ቢለግሱ ይበልጣል። ለዚህ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ ወደ ደም ባንክ መሄድ ይበቃል።

ስድስተኛ፣ የእጅ ሙያ ነው። ልብስ ሰፊ የተቀደደ አንሶላ ይሰፋል፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ቧንቧ ሠራተኛ፣ አናጢ፣ ኮምፒውተር የሚያውቅ ወጣት ሁሉም ቦታ አለው።

ሰባተኛ፣ ከሆስፒታሉ ግቢ ውጭ ያለው ሥራ ነው። ተራ የሚጠብቀውን ማሳደር፣ ከሆስፒታል የወጣውን ቤቱ ሄዶ ማየት፣ ለሞተበት ቤተሰብ አስከሬን ወደ አገሩ እንዲወስድ መርዳት። በዚህ መስክ ቀድመው የተሰማሩ አሉ። ማቲዎስ ወንዱ የኢትዮጵያ ካንሰር ሶሳይቲ ለካንሰር ሕሙማን፣ ተስፋ አዲስ የካንሰር ሕመም ላለባቸው ልጆችና ለወላጆቻቸው፣ ሆስፒስ ኢትዮጵያ በቤታቸው ለሚታመሙ፣ መቄዶንያ ለአረጋውያንና ለአእምሮ ሕሙማን ይሠራሉ። አዲስ ነገር ከመጀመር ይልቅ ከእነርሱ ጋር መሰለፍ ብዙ ጊዜ ይሻላል።

ይህ ሁሉ ሥራ ዝቅ ያለ መስሎ ለሚታየው ሰው የማሚቱ ጋሼን ሕይወት እናስታውሰው። በወሊድ ምክንያት ፊስቱላ ደርሶባት ወደ አዲስ አበባ መጥታ፣ በ1959 እ.ኤ.አ. ወደ አገራችን በመጡት በዶክተር ሬጅናልድና በዶክተር ካትሪን ሃምሊን እጅ ታከመች። ፊደል ያልቆጠረች ነበረች። ከታከመች በኋላ በዚያው ቀርታ የሕሙማን አልጋ በማንጠፍ ጀመረች፤ ቀስ በቀስም በቀዶ ሕክምና ክፍል ረዳት ሆነች፤ በኋላ ራሷ ፊስቱላ የምትጠግን፣ ከውጭ የመጡ ሐኪሞችን ሳይቀር የምታሠለጥን ሆነች። የሁላችን መንገድ እንደዚያ አይሆንም። አልጋ ማንጠፍ ግን የሚናቅ መጀመሪያ አለመሆኑን ከእርሷ እንማራለን።

እንዴት ተጠይቆ ይገባል?

ሆስፒታል የሕመምተኞች ቤት ነው። የሰው ቤት ሳይፈቀድ አይገባም። በአልጋ ላይ ያለ ሰው ደግሞ የማይፈልገው እንግዳ ቢመጣበት ተነሥቶ መሄድ አይችልም፤ ስለዚህ የሚጠብቀው ሥርዓት ያስፈልገዋል። ማመልከቻ ጻፉ፣ መታወቂያ አምጡ፣ ባጅ አድርጉ ስንባል ቅር ሊለን አይገባም። እናታችን ተኝታ ቢሆን የማይታወቅ ሰው ሁሉ አጠገቧ እንዲደርስ አንፈቅድም ነበርና። ሥርዓቱ ከሆስፒታል ሆስፒታል ይለያያል፤ በእኛ ልምድ ግን የሚከተለው ይጠቅማል።

በመጀመሪያ ሄዳችሁ ጠይቁ። እቅድ ጨርሳችሁ ሳይሆን ባዶ ወረቀት ይዛችሁ ሂዱ። እኛ የማኅበራዊ አገልግሎት ሠራተኛዋንና የአንድ ክፍል ኃላፊ የሆኑ ሲስተርን "ምን ይጎድላችኋል?" ብለን ነበር የጀመርነው። "አስታማሚ የሌላቸው ሦስት ሰዎች አሉኝ፤ ከሰዓት በኋላ የሚያጎርሳቸው ሰው ብታመጡልኝ" አሉን። ሥራችን የተወለደው ከዚያ መልስ ነው።

ቀጥሎ ሰዎችን ለዩ። ከአምስት እስከ ስምንት ሰው ይበቃል። አንድ አስተባባሪ ይኑር። ቀኑና ሰዓቱ ይወሰን፤ ለምሳሌ ማክሰኞና ቅዳሜ ከ8 እስከ 11 ሰዓት። ሰላሳ ሰው አንድ ቀን ከሚሄድ አምስት ሰው ዓመቱን ሙሉ ቢመላለስ ይሻላል። ደጉ ሳምራዊ በሉቃስ 10 ቁስለኛውን ለእንግዶች ማረፊያ ጠባቂ ሲያስረክብ ተመልሶ እንደሚመጣ ተናግሮ ነው የሄደው። ተመልሶ መምጣት የርኅራኄው ክፍል ነበር።

ከዚያ ደብዳቤ ይጻፍ። በቤተ ክርስቲያኒቱ ራስጌ ባለው ወረቀት፣ ቁጥርና ቀን ያለው፣ በማኅተም የተደገፈ፣ ለሆስፒታሉ ሥራ አስኪያጅ የተጻፈ ይሁን። የአገልጋዮቹ ስምና ስልክ፣ የሚሠሩት ሥራ፣ ቀኑና ሰዓቱ፣ ለስንት ወር እንደሆነ፣ ክፍያ እንደማይጠይቁ፣ ለሆስፒታሉ ደንብ እንደሚገዙ ይገለጽ። የመታወቂያ ቅጂ ይያያዝ። በግል የምታመለክቱም ይህንኑ በማመልከቻ ጽፋችሁ፣ ስለ እናንተ የሚመሰክር የድጋፍ ደብዳቤ ጨምሩበት። መዝገብ ቤት አስገብታችሁ የገባበትን ቁጥር ያዙ። መልሱ ቢዘገይ በትሕትና እየሄዳችሁ ጠይቁ። ደብዳቤ ተኝቶ ይቆያል፤ የሚጠይቀው ሲኖር ይነሣል።

ሲፈቀድላችሁ ሥልጠና ይሰጠን ብላችሁ ለምኑ። እጅ መታጠብን፣ ጓንትና ጭምብል መቼ እንደሚደረግ፣ የማይነካው ምን እንደሆነ ተማሩ። ከደም ጋር ንክኪ ሊኖር በሚችልበት ክፍል የምታገለግሉ የሄፓታይተስ ቢ ክትባት ውሰዱ፤ በ6 ወር ውስጥ ሦስት ጊዜ የሚወሰድ ነው። ጉንፋን ወይም ሳል የያዘው ሰው ያን ቀን ይቅር። መድኃኒት መስጠት፣ ጉሉኮስ መንቀል፣ ቁስል መፍታት የእኛ ሥራ አይደለም።

በውጭ አገር ያላችሁ ወገኖች መንገዱ ለእናንተ ይበልጥ የተጠረገ ነው። በአሜሪካ አብዛኛው ሆስፒታል የበጎ ፈቃደኞች ክፍል አለው። ፎርም ይሞላል፤ ቃለ መጠይቅ፣ የባክግራውንድ ቼክ፣ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራና ክትባት ይጠየቃል፤ ብዙዎቹም የተወሰነ ሰዓት ለማገልገል ቃል እንድትገቡ ይፈልጋሉ። በእንግሊዝ የዲ ቢ ኤስ ማጣሪያ ያስፈልጋል። ቋንቋ ከማያውቁ አረጋውያን እናቶቻችን ጋር በአማርኛ መጫወት ትልቅ ምሕረት ነው። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ሲናገር መተርጎም ግን ለሠለጠነ አስተርጓሚ ይተው፤ ሆስፒታሉም እንዲያቀርብ ጠይቁ። አንድ ቃል ቢሳሳት የሚጎዳው ሕመምተኛው ነው።

በአልጋው አጠገብ

አሁን ለእኛ ለወንጌል አማኞች በተለይ የሚሆን ቃል አለን። ቅን ልብ ያላቸው ወገኖች በዚህ ሲሰናከሉ አይተናልና በፍቅር ስሙን።

ከጸሎት በኋላ "ተፈውሰሃል፤ መድኃኒቱን ተው" ማለት ፈጽሞ አይገባም። የኤች አይ ቪ፣ የስኳር፣ የደም ግፊት፣ የሚጥል በሽታ መድኃኒት በማቋረጥ የሚጠፋ ሕይወት አለ። እግዚአብሔር እንደሚፈውስ እናምናለን፤ ከመድረክም እንሰብከዋለን። ነገር ግን በ2ኛ ነገሥት 20 ላይ ሕዝቅያስ ጸለየ፤ እግዚአብሔርም ሰማው፤ 15 ዓመትም ተጨመረለት፤ ያንኑ የፈውስ ቃል ያመጣው ኢሳይያስ የበለስ ጥፍጥፍ በቁስሉ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ነቢዩ ጸሎትንና መድኃኒትን አላጣላም። ጌታ ፈውሶት እንደሆነ የሐኪሙ ምርመራ ይገልጠዋል፤ መድኃኒቱንም የሚያቆመው ያዘዘው ሐኪም ይሁን።

ርዳታን የስብከት ዋጋ አናድርገው። በዚያ ክፍል ኦርቶዶክስም፣ ሙስሊምም፣ ምንም የማያምንም ተኝቷል። ሾርባ ይዞ መጥቶ አስቀድሞ "ጌታን ትቀበላለህ?" ማለት በተኛ ሰው ላይ መበርታት ነው። ስለ ተስፋችን ለሚጠይቀን በየዋህነት እንመልስ፤ 1ኛ ጴጥሮስ 3፥15 የሚያስተምረን ይህንኑ ነው። ለመጸለይም "ልጸልይልህ ትፈቅዳለህ?" እንበል፤ አይሆንም ቢለን ፊታችን ሳይቀየር እናጉርሰው። ከፈቀደም ድምፃችን ዝቅ ይበል፤ በሚቀጥለው አልጋ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ሰው አለ።

ፎቶ አናንሣ። የተኛ ሰው ፊት ለፌስቡክና ለቲክቶክ የሚሆን የምስክርነት ማስረጃ አይደለም። የሰማነውን ሕመምም በጸሎት ርእስ ስም ለጉባኤ አንዘርግፈው፤ "አንድ ወንድም" ብለን ብንጸልይ እግዚአብሔር ማን እንደሆነ ያውቀዋል።

ደግሞም ሞት እንዳለ አውቀን እንግባ። ሳምንት ያጎረስነው ሰው አልጋው ባዶ ሆኖ የምናገኝበት ቀን ይመጣል። ከአገልግሎት በኋላ ቡድኑ ለሩብ ሰዓት አብሮ ይቀመጥ፤ ያየውን ይናገር፤ ያልቅስ፤ ይጸልይ። ይህን ያላደረገ ቡድን ቶሎ ይደክማል።

ወገኖች፣ ይህ ሥራ ለቤተ ክርስቲያን አዲስ አይደለም። በ4ኛው መቶ ዘመን የቂሳርያው ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ለድሆች፣ ለመንገደኞችና ለሥጋ ደዌ ሕሙማን መጠለያ ሲሠራ ሐኪሞችንና አስታማሚዎችን አስቀምጦበት ነበር። በአገራችንም የሚሲዮን ክሊኒኮች በብዙ ቦታ ከወንጌል ጋር አብረው ገብተዋል። ዛሬ ሆስፒታሉ ተሠርቷል፤ ሐኪሙም አለ። የጎደለው ብዙ ጊዜ በአልጋው አጠገብ የሚቀመጥ ሰው ነው።

በዚህ ሳምንት ከአጥቢያችሁ ሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩ። ሁለት ሆናችሁ በአቅራቢያችሁ ወዳለው ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ሂዱ። የሚሰብክ አትላኩ፤ የሚጠይቅ ላኩ። የሚነግሯችሁን ጻፉ፤ ከዝርዝሩ አንዱን ብቻ ምረጡ፤ እርሱን በታማኝነት ሥሩ።

ታምማችሁ ይህን የምታነቡም ካላችሁ፣ ሰው የለኝም ብላችሁ አትሸማቀቁ። ለነርሷ ንገሯት፤ በአጠገባችሁ ላለው አስታማሚ ንገሩት። በቤተ ሳይዳ የነበረው ሰው ጌታ በጠየቀው ጊዜ ጉድለቱን አልሸሸገም።

የምሕረት አባት እግዚአብሔር የታመሙትን ይፈውስ፤ የሚያስታምሙትን ያበርታ፤ እኛንም የሚጠይቁ ያድርገን። ጸጋ ከሁላችሁ ጋር ይሁን። አሜን።